ንፉጉ ማነው?

በየጋራዡና በየእንጨት ሥራ ቤቱ አንድ ሱራ ያለ ቦታው ሲጠቀስ እንሰማለን። አንዱ ሠራተኛ «ካቻቪቴህን አውሰኝ» ይላል፤ ባለቤቱ ካመነታ ወዲያው የአል-ማዑን ሱራ ይነበብበታል። «ሰጋጅ ሆነህ ትከለክላለህ?» ይባላል። ሳጥኑን የቆለፈ ሁሉ ንፉግ ሆነ!

ሱራው ሐቅ ነው። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) «ማዑን» የሚለውን ቃል ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት እንደ መጥረቢያ፣ ድስትና የውኃ መቅጃ ያለ ዕቃ ነው ብለው ፈትተውታል። ለራሱ በማያስፈልገው ሰዓት ዕቃውን ከተቸገረ ባልደረባው የሚደብቅ ሰው ወቀሳው ይመለከተዋል። በዚህ አልከራከርም። ክርክሬ ለመውሰድ ሲሆን ቁርኣን እየጠቀሰ ለመመለስ ሲሆን ከሚረሳው ወንድሜ ጋር ነው።

ወንድሜ ሆይ! ባለፈው የወሰድከው 17 ቁጥር ቁልፍ የት ገባ? «እገሌ ወሰደው» አልክ። ማን ፈቀደልህ? በሻፊዒይ መዝሀብ የተዋሰ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ማዋስ አይችልም። መሮውን ለእንጨት ብለህ ወስደህ ሚስማር ነቀልክበት፤ አፉን ሸርፈህ ስትመልሰው «ዕቃ አይደል፣ ያረጃል» ብለህ ሳቅህ። ያ መሮ ለባለቤቱ የልጆቹ ዳቦ ነው። ሌላ ሲገዛ የቤቱ አስቤዛ ይጎድላል፤ ሚስቱ «ምነው አነሰ?» ስትለው ያንተን ስም አይጠራም፣ ዝም ይላል።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሑነይን ዘመቻ ሲዘጋጁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያን ጥሩር እንዲያውሳቸው ጠየቁት። ሰፍዋን ያኔ ገና አልሰለመም። በግድ ሊወሰድበት እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ዋስትና ያለው ውሰት መሆኑን ነገሩት። መካ በእጃቸው ገብታለች፤ ሳይጠይቁ ቢወስዱ ማን ያስቆማቸው ነበር? ከጥሩሮቹ ጥቂቶቹ በጠፉ ጊዜም ሊተኩለት ጠየቁት። እርሱ ግን ልቡ ወደ እስልምና አዘንብሎ ነበርና ካሳውን ተወው። ልብ በል፣ የተወው ባለ ንብረቱ ነው።

ታዲያ ባለ ሳጥኑ «እስከ ዐስር ሰላት መልስ፣ ከግቢ አታውጣ፣ ከሰበርክ ትተካለህ» ቢል ምኑ ነው ንፍገት? አንዴ ከወደቀ የማይታመነውን ውኃ ልኩን «እሱን አላውስም» ቢልህስ? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ማዋስን የተወደደ ተግባር እንጂ በመሠረቱ ግዴታ አላደረጉትም። እርግጥ፣ ያለ ጥፋት ስለጠፋ ዕቃ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ቸልተኝነት ከሌለ አያስከፍሉም። አንተ ግን ቁልፉን የረሳኸው መዝሀብ መርጠህ አይደለም!

ባለ ሳጥኑ ሆይ፣ አንተም ሁኔታህን ስታውስ ፊት ለፊት ተናገር፤ ዝም ብለህ ሰጥተህ ሻይ ቤት ገብተህ አትማው።

አንተ ደግሞ ዛሬ ማታ የቱታህን ኪስና ከአልጋህ ሥር ያለውን ካርቶን ፈትሽ። ያንተ ያልሆነ ፒንሳ ካገኘህ ነገ ጠዋት ሳትጠየቅ ይዘኸው ሂድ።