«ደረቴ ያፏጫል፤ ለማንም እንዳትነግሪ»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዷ እንቅልፍ ነስታኛለች። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ቶሮንቶ የሚኖረው ወንድሟ ከአራት ወር በፊት የሳንባ ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል። ሰሞኑን በስልክ ሲያወሩ ትንፋሹ ሲር ሲር ሲል ሰማችው። «ሐኪሞቹ ካወቁ ሳንባው አልያዘም ይሉኛል፤ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ አስማላት። «ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ 12ኛን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የማውቀውን ሐኪም ጠየቅሁልሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ሳንባ ሲገባ የአየር ቧንቧው ከነባሩ ጋር ይሰፋል። ትልልቆቹ የደም ሥሮችም ይቀጠላሉ። ቧንቧውን ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀጠሉም። ስፌቱ አካባቢ በቂ ደም ስለማያገኝ አንዳንዴ ይቆስላል፣ ይላላል፤ አንዳንዴም ጠባሳ ይሠራና ቧንቧው ይጠባል።

ይህን ስፌት እንዳትንቂው! በሰው ላይ የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ በ1963 እ.ኤ.አ. ሚሲሲፒ ውስጥ ተደርጎ ታማሚው የኖረው 18 ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለ20 ዓመት ሙከራዎቹን ካከሸፉት ዋና ምክንያቶች አንዱ የስፌቱ አለመዳን ነው። በ1983 እዚያው ወንድምሽ ያለበት ቶሮንቶ፣ ዶክተር ጆኤል ኩፐርና ባልደረቦቹ ስፌቱን ደም በሚያገኝ የሆድ ሞራ ሸፈኑት። ታማሚው ከ6 ዓመት በላይ ኖረ።

እና ቧንቧው ጠበበ ማለት ሳንባው አልያዘም ማለት አይደለም። ሐኪሞቹ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ያዩታል። ጠቦ ከሆነ በፊኛ ያሰፉታል፤ ካስፈለገም ስቴንት የሚባል ድጋፍ ያስገቡበታል። ደግሞም ሲርታው ከኢንፌክሽን ወይም ሰውነቱ ሳንባውን ከመግፋት ሊመጣ ይችላል። ይህን ደግሞ አንቺም እኔም በስልክ አንለየውም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪለት። ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ለሐኪሞቹ ይንገር። እምቢ ካለ አብሮት ለሚኖር ሰው ንገሪ። መሐላው ይቅርብሽ! ቢያኮርፍሽም ኩርፊያው ያልፋል። የእኛ ሰው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ለዚህ ነው።

ምን እንደተባለ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።