ባትሪውን ከመክሰስዎ በፊት

ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናዎ «ጠቅ» ብላ ዝም ያለችብዎ እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ የሚሰጥዎ ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይግዙ» የሚል ነው። ምክሩ በቅን ልብ የተሰጠ ነው። ዳሩ ግን የባትሪ ዋጋ የጀማሪ ሠራተኛን ደመወዝ ጠራርጎ የሚወስድ ስለ ሆነ፣ ፍርዱ ሳይመረመር ሊጸድቅ አይገባውም። ብዙ ጊዜ ባትሪው ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም፤ አዲሱም ቢሆን የሚሞላው ካጣ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ፊተኛው ይተኛል።

ባትሪ ጎተራ ነው፤ እህል አያበቅልም። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ከዚህ ጎተራ ይዘግናል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን መብራቱንም ራዲዮኑንም የሚመግበው፣ የተዘገነውንም ለባትሪው የሚመልሰው ዲናሞው ነው። ዲናሞውን ቺንጋ ያዞረዋል፤ የሚሰጠውን ቮልት ሬጉላተር ይቆጣጠረዋል። ከነዚህ አንዱ ሲጓደል ጎተራው ባዶውን ይቀራል።

ምርመራውን ገንዘብ በማያስወጣው ይጀምሩ። ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ቁልፉ ብቻ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለባት። ሞተሩ ተነሥቶም ካልጠፋች ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራችም ደስ አይበልዎ፤ አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ኃይል የሚያልፈው በዚችው አምፖል በኩል ነውና፣ አንዲት ትንሽ አምፖል ትልቁን ዲናሞ ሥራ ፈት ልታደርገው ትችላለች።

ሞተሩ ከኋላ የሆነውን የጥንቱን ቮልስ የሚነዱ ሰዎች ይህችን ቀይ መብራት በተለይ ይፍሯት። በቮልስ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ የተገጠመው ከዲናሞው ዘንግ ላይ ስለ ሆነ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። በመንገድ ላይ ብትበራ «ቤት ስደርስ አያታለሁ» ማለት አይገባም፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ነፋስ አጥቶ ይቃጠላል። ወዲያው ዳር ይዘው ያጥፉት።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። እንደ መኪናው ቢለያይም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደግ ነው፤ ከዚያ በላይ ከላላ፣ ወይም ገጹ እንደ መስተዋት ከለሰለሰ፣ እየተንሸራተተ ዲናሞውን አያዞርም። መብራት ሲበራ የሚሰማው ጩኸትም የዚሁ ምልክት ነው። የባትሪውን ጫፎችም ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበሳቸው አስቀድመው ኔጋቲቩን፣ ከዚያ ፖዘቲቩን ነቅለው በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ፍቀውና አድርቀው ያጥብቋቸው።

ከዚህ ወዲያ ቴስተር ያስፈልጋል፤ ከጓደኛም መዋስ ይቻላል። ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ይበሉት። አሁን ሞተሩን አስነሥተው የፊት መብራቱን ያብሩና ነዳጅ ትንሽ ይስጡት። ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ሥራውን ያውቃል። 12 ላይ ቆሞ ቀስ በቀስ ከወረደ አይሞላም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉላተሩ ልጓም አጥቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ይጎድላል፣ አምፖልም ይቃጠላል።

ብዙውን ሰው የሚያሞኘው ግን ገመዱ ነው። ዲናሞው ጀርባ ላይ 14.3 ተገኝቶ ባትሪው ላይ 12.9 ከሆነ፣ ሌባው ያለው በመካከል ነው። መካኒኮች «ማሳ» የሚሉትን፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ገመድ ከቶ አይርሱት። ሞተሩ እየሠራ መብራቱም በርቶ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ዝጓል ወይም ላልቷል። ስንት ደኅና ዲናሞ በአንድ በዛገ ብሎን ምክንያት ተጥሏል!

ዲናሞው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘም ኤሌትራውቶው ሳይፈታው አዲስ አይግዙ። ያለቀው ካርቦኑ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መለወጥ ደግሞ ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ላንሣ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» የሚል ሙከራ አለ። ይህ የቀድሞው ዓይነት ዲናሞ ዘመን ቅርስ ነው። ክራይስለር በ1960 እ.ኤ.አ. ቫሊያንት በተባለችው መኪናው ላይ አልተርኔተር ካደረገ ወዲህ፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች እየተከተሉት ሄደዋል፤ ዛሬ ሰዉ ዲናሞ የሚለውም ይህንኑ አልተርኔተር ነው። በውስጡ ዳዮዶች አሉበት። ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ሽቅብ ይዘላል፤ ዳዮዶቹን፣ በአዳዲሶቹም መኪኖች ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ማንም መካኒክ ሊያደርገው ቢል በትሕትና ይከልክሉት።

ሁሉም ደኅና ሆኖ ባትሪው ሌሊቱን እየተራቆተ የሚያድር እንደ ሆነስ? መኪናዋ ጠፍታ የሚበላ አንድ ነገር አለ። ግማሽ አምፔር በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነውና፣ የ45ቱን ባትሪ አራት ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ሁሉን አጥፍተው፣ ኔጋቲቩን ነቅለው፣ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቦታ አድርገው በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሞተሩን ለማስነሣት አይሞክሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ከ0.05 አምፔር በላይ ካነበቡ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ንባቡ ድንገት የወረደበት ፊውዝ የሚመግበው ዕቃ፣ ብዙ ጊዜም የዕቃ መጫኛው አምፖል ወይም በኋላ የተገጠመ ራዲዮን፣ ሌሊቱን ሲበላ ያደረው እሱ ነው።