እንቁላልና ጨው እያለ «መሣሪያ የለም» አይባልም

ቶሎ የረጋ ማር ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ቀስ ብሎ የረጋው ግን ትልልቅ ፍሬ ይይዛል። የፕሮቲን ክሪስታልም እንዲሁ ነው። ጨው ከበዛበት ጥቃቅኑ በአንዴ ይፈላል፤ ሁሉም ይሻማል፣ ሁሉም ይቀጭጫል። ጨው ተመጥኖ፣ ሙቀቱ ሳይዋዥቅ፣ ዕቃው ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ጥቂቶቹ ይፋፋሉ።

ጥሩ ክሪስታል በኤክስሬይ ሲታይ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያሳያል፤ በዚያ ቅርጽ ልክ መድኃኒት ይቀመራል።

«መሣሪያው የት አለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ሲንክሮትሮን በአፍሪካ አንድም የለም። ክሪስታል ማሳደግ ግን ሲንክሮትሮን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ላይሶዛይም የተባለውን ፕሮቲን በቀጥታ ከእንቁላል ነጭ ክሪስታል አድርገው አወጡ። የጨመሩት 5 በመቶ ጨው ነበር፤ ፒኤቹን አስተካከሉ፣ ጥቂት የክሪስታል ዘር ጣሉበት።

እንቁላሉ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሞልቷል። ላይሶዛይም የሚወደው ብርድም በነጻ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ወፍራም የፎም ሳጥን ሙቀቱን ያረጋጋል።

እንግዲህ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን በመጪው ሴሚስተር አንድ የላብራቶሪ ሳምንት ለዚህ ይስጡ። ተማሪው ክሪስታልን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ አይመረቅ።