ነጻው ሰዓትና ተጨማሪው ሒሳብ

በለንደን ከተማ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል አንዲት እናት ደብዳቤ ልካልናለች። ባለቤቷ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ እርስዋም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ታገለግላለች፤ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለቻቸው። የደብዳቤዋ ፍሬ ነገር እንዲህ የሚል ነው።

«መንግሥት በሳምንት 30 ሰዓት በነጻ ያስጠብቅልሻል ስለ ተባልሁ፥ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት፥ እዚህ ነርሰሪ ከምንለው ቤት፥ አስገባኋት። በሳምንት ሦስት ቀን፥ በቀን 10 ሰዓት ትውላለች። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ ወረቀት መጣልኝ፤ ባነበው ‹ተጨማሪ፥ በቀን 10 ፓውንድ› ይላል። ለምን እንደ ሆነ ልጠይቅ ብል ባለቤቴ ‹ተይው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ልጃችንን በክፉ ዓይን እንዳያዩብን› አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ዝም ብዬ ከፈልሁ። አሁን ግን ደመወዛችን ከወር ወር አላደርስ ስላለን፥ ሥራዬን ትቼ ከቤት ለመዋል አስባለሁ። ለመሆኑ ነጻ የተባለው ምኑ ነው?»

እኛም ወረቀትና እርሳስ አንሥተን አሰብነው። ለ10 ሰዓት 10 ፓውንድ ከተከፈለ፥ ነጻ የተባለው ሰዓት እያንዳንዱ አንድ ፓውንድ ወጣበት ማለት ነው። ነጻው ሰዓት የሚሰጠው በዓመት ለ38 ሳምንት ስለ ሆነ ጠቅላላው 1140 ሰዓት ይሆናል፤ እንግዲህ ይህ ቤተ ሰብ በዓመት 1140 ፓውንድ ይከፍላል። ይህም በድካሙ ለሚያድር ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጥያቄውም የአንዲት እናት ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ፥ የዚህን ወር ገጻችንን ለእርሱ ልንሰጥ ወደድን።

በመጀመሪያ ደንቡን እንመልከት። ስኮትላንድ፥ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው ነገራችን ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። ከ2010 ጀምሮ 3ና 4 ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ሁሉ፥ ወላጆቻቸው ሥራ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፥ በሳምንት 15 ሰዓት ያገኛሉ። በ2017 ደግሞ በዚህ ዕድሜ ላሉት የሠራተኞች ልጆች 30 ሰዓት ሆነ። በኤፕሪል 2024 ለሁለት ዓመት ልጆች፥ በሴፕቴምበር 2024 ዘጠኝ ወር ለሞላቸው ሕፃናት የሠራተኛ ወላጆች 15 ሰዓት ተፈቀደ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ 30 ሰዓት ሆኗል። ይህን ለማግኘት አባትም እናትም እያንዳንዳቸው ቢያንስ በሳምንት የ16 ሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያህል ገቢ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከሁለቱ የአንዱም የዓመት ገቢ ከ100,000 ፓውንድ ማለፍ የለበትም። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የመንግሥት ርዳታ እንዳይቀበሉ የሚከለክላቸው ወላጆች የሠራተኞቹን ሰዓት ላያገኙ ይችላሉ፤ የ3ና የ4 ዓመት ልጆች 15 ሰዓት ግን በወላጅ ፈቃድ ዓይነት አይከለከልም።

ታዲያ ሰዓቱ ነጻ ከሆነ ክፍያው ከየት መጣ? መንግሥት በአካባቢው ምክር ቤት፥ ማለት በካውንስሉ፥ በኩል ለመዋዕለ ሕፃናቱ በሰዓት የተቈረጠ ገንዘብ ይከፍላል። ይህ ገንዘብ የታሰበው ለጥበቃውና ለትምህርቱ ነው እንጂ ለምሳው፥ ለሽንት ጨርቁ፥ ለፀሐይ መከላከያ ቅባቱ፥ ለሽርሽሩና ለልዩ ትምህርቱ አይደለም። ባለቤቶቹም የሚከፈለን ወጪያችንን አይሸፍንም እያሉ ያመለክታሉ። ነገራቸው ከንቱ አይደለም። በደንቡ መሠረት ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሦስት ሕፃናት አንድ ሞግዚት፥ ለሁለት ዓመት ልጆች ለአምስቱ አንድ፥ ከሦስት ዓመት በላይ ላሉት አብዛኛውን ጊዜ ለስምንቱ አንድ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ሆነ፤ አሠሪ ስለ ሠራተኛው የሚከፍለው የብሔራዊ መድን መዋጮም ከመቶ 13.8 ወደ 15 ከፍ አለ። ቀድሞ ይህን የመሰለውን ጉድለት ሙሉ ዋጋ ከሚከፍሉ ወላጆች ያሟሉት ነበር፤ ነጻው ሰዓት እየሰፋ በሄደ መጠን ግን ያ በር ጠበበ። ተጨማሪው ሒሳብ እየከበደ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ችግር መኖሩ ሁሉን አያስፈቅድም። የመንግሥቱ መመሪያ እንዲህ ይላል። መዋዕለ ሕፃናቱ በራሱ ዋጋና መንግሥት በሚከፍለው መካከል ያለውን ልዩነት ከወላጅ ሊቀበል አይችልም። ነጻውን ቦታ ለመስጠት የማይመለስ የመመዝገቢያ ገንዘብ መጠየቅም አይችልም፤ መያዣ ቢቀበል እንኳ መመለስ አለበት። ለምግብና ለመገልገያ ዕቃ ሊያስከፍል ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በወላጅ ፈቃድ ነው እንጂ ነጻውን ሰዓት ለማግኘት እንደ ግዴታ ሊቈጠር አይገባም። መክፈል ለማይችል ወይም ለማይወድ ወላጅ ሌላ መንገድ፥ ለምሳሌ ምሳውንና የሽንት ጨርቁን ከቤት ማምጣት፥ ሊፈለግለት ያስፈልጋል። በ2025 የታደሰው መመሪያ ደግሞ በሒሳቡ ወረቀት ላይ ነጻው ሰዓት፥ የተከፈለበት ተጨማሪ ሰዓት፥ ምግቡ፥ ዕቃውና ልዩ ትምህርቱ ለየብቻ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ያዝዛል። ስለዚህ «ተጨማሪ» ብቻ የሚል ወረቀት ያልተሟላ ወረቀት ነው።

በዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ብንናገር ይፈቀድልን። እኛ ፊደል የቈጠርነው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው። የኔታ ስላስተማሩን ደመወዝ አልጠየቁም፤ ትምህርቱ ነጻ ነበር። እንጀራው ግን ነጻ አልነበረም፤ አኩፋዳችንን አንግበን፥ ከውሻ ጋር እየታገልን፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን እናመጣው ነበር። ሆኖም የትኛው ነጻ፥ የትኛው የራሳችን ድካም እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ቀን እናውቅ ስለ ነበር አልተታለልንም።

ኋላ በዘመናዊ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነን ሳለ፥ ከተማሪዎቻችን አንዱ በድንገት ቀረ። ሁለት ሳምንት ጠብቀን ወደ ቤቱ ብንሄድ አባቱ አንገቱን ደፍቶ፥ «መምህር፥ የተጠየቀውን መዋጮ ማምጣት አቅቶኝ ነው፤ ባዶ እጄን ብልከው ይዋረድብኛል ብዬ ነው» አለን። መዋጮው የቻለ የሚሰጠው፥ ያልቻለ የሚተወው ነበር። ይህን ግን ለአባትየው የነገረው ሰው አልነበረም፤ ደብዳቤውን የጻፍነው እኛ ነንና ጥፋቱ የእኛ ነበር። ልጁ ሁለት ሳምንት ከትምህርቱ የቀረው በገንዘቡ ማነስ ሳይሆን፥ በእኛ ቃል ጕድለትና በአባቱ ይሉኝታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈቃድ የሆነውን ነገር «ፈቃድ ነው» ብለን ሳንጽፍ ለወላጅ ወረቀት ልከን አናውቅም።

እንግዲህ እኅታችን ሆይ፤ ምክራችን ይህ ነው። አስቀድመሽ ሥራሽን አትተዪ። በባልና ሚስት ቤት ከሁለቱ አንዱ ሥራ ከተወ፥ ከጥቂት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ የሠራተኞቹ 30 ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል፤ የአንዱን ፓውንድ ዕዳ ለመሸሽ ሰዓቱንም ደመወዙንም ማጣት ይሆናል።

ሁለተኛ፥ ከኃላፊዋ ጋር ተገናኚ። ልጆች በሚረከቡበት ግርግር ሳይሆን ቀጠሮ ይዘሽ ሂጂ፤ ባለቤትሽም አብሮሽ ቢሄድ መልካም ነው። ሒሳቡ ተዘርዝሮ እንዲጻፍልሽ፥ የትኛው በፈቃድ እንደ ሆነ እንዲነገርሽ በትሕትና ጠይቂ። ምሳ ከቤት ለማምጣት እንደምትፈልጊ ተናገሪ። የአሳማ ሥጋ ለማንበላ ሰዎች ይህ በሌላም በኩል ዕረፍት ነው። ምን ዓይነት ምግብ እንደማይፈቀድ ግን አስቀድመሽ እወቂ፤ ኦቾሎኒ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፥ ቆሎም ሕፃን ያንቃልና አይቋጠርም።

ሦስተኛ፥ መልስ ካጣሽ ለካውንስሉ የሕፃናት ክፍል አመልክቺ፤ ይህ ክስ ሳይሆን የተፈቀደ መንገድ ነው። ነገር ግን አንድ እውነት ልንሰውርሽ አንወድም፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ነጻውን ሰዓት በየትኛው ቀንና ለስንት ልጆች እንደሚሰጥ የመወሰን ሥልጣን አለው። ስለዚህ ከጠብ ይልቅ ስምምነት ይሻላል፤ አዲስ ቦታ የምትፈልጉ ወላጆችም ዋጋውን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

አራተኛ፥ ከ30 ሰዓት በላይ ለሚከፈለው ጥበቃ መንግሥት የከፈተው ሌላ ሒሳብ አለ፤ ወላጅ 8 ፓውንድ ሲያስገባ መንግሥት 2 ይጨምራል፥ ይህም ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 2000 ፓውንድ ይደርሳል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ቤተ ሰብ ግን ሁለቱን በአንድነት ሊይዝ አይችልም። የነጻው ሰዓት የምስጢር ቍጥርም በየሦስት ወሩ መታደሱን አትርሺ፤ አዲስ አመልካችም ቍጥሩን ከኦገስት 31፥ ከዲሴምበር 31 ወይም ከማርች 31 በፊት ካላገኘ ተከታዩን የትምህርት ወቅት ያመልጠዋል።

ክፍያው ተገቢ ሆኖ ካገኛችሁትና ከቻላችሁ ደግሞ ያለ ማጕረምረም ክፈሉ። የሰውን ልጅ ቀኑን ሙሉ አቅፋ የምትውል ሞግዚት ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ነጻ መብታችንን ስንጠይቅ እርስዋን እንደ ሌባ ማየት አይገባንም። ጥያቄያችን ሒሳቡ በግልጥ ይነገረን የሚል ብቻ ነው።

ለእኅታችን ባለቤትም አንድ ቃል አለን። ወንድማችን ሆይ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ እንዳይገባ እናውቃለን፤ ነገር ግን አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውንም አትርሳ። ሰባት ወር ዝም ያላችሁት ለልጃችሁ ብላችሁ ነበር፤ አሁንም ለልጃችሁ ብላችሁ ተናገሩ። የተመለሰላችሁን ብትጽፉልን፥ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማልና በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን። እግዚአብሔር ልጃችሁን ያሳድግላችሁ።