«ካልሠለጠኑትስ ጋር ሲነጻጸር?»

ይድረስ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለርእሳነ መምህራን፤

ይህን የምጽፍላችሁ ለታዳጊዎች ስለሚሰጠው ጭንቀትን የመቋቋም ክህሎት ሥልጠና ነው። አንድ አሠልጣኝ መጥቶ «ከሥልጠናው በኋላ የልጆቹ ጭንቀት ቀንሷል» ሲላችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት «ካልሠለጠኑትስ ጋር ሲነጻጸር?» በሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መጠይቅ በፈተና ሰሞን ተሞልቶ ሁለተኛው ትምህርት ሲዘጋ ቢሞላ፣ ምንም ያልሠለጠነ ልጅም ቀለል ብሎት ይገኛል። ቀኑ ባቀለለው አሠልጣኙ ይመሰገንበታል። ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ልጆቹን ወይም ትምህርት ቤቶቹን በዕጣ ለይቶ፣ ከፊሉን አሠልጥኖ ከፊሉን በነበረበት ትቶ ማወዳደር ነው።

ካልሠለጠኑት ጋር ሲመዘን ብዙ የተወራለት ሥልጠና ይቀልላል። ማይሪያድ የተባለው የብሪታንያ ጥናት በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን አሳትፎ፣ ማይንድፉልነስ የሚባለውን ቀልብ የመሰብሰብ ልምምድ ፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ውጤት፣ ልምምዱ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ አለመሆኑን አሳየ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ዋይዝ ቲንስ የተባለው ሥልጠና ከ1,000 በላይ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ፣ እንዳበቃ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ ድባቴና ጭንቀት በዝቶባቸው ተገኙ። ከስድስት ወር በኋላም ከወላጆቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሻክሮ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ኬንያ ውስጥ ሻሚሪ የተባለው የአራት ሳምንት ሥልጠና የድባቴ ወይም የጭንቀት ምልክት በታየባቸው 413 ተማሪዎች ላይ ተሞክሯል። የማነጻጸሪያው ቡድን ዝም ብሎ አልተተወም፤ ያንኑ ያህል ሰዓት የአጠናን ዘዴ ተማረ። ምልክቶቹ ይበልጥ የቀነሱት ግን በሻሚሪ ተሳታፊዎች ላይ ነው። ብሪታንያና አውስትራሊያ ክፍሉን በሙሉ ሲያሠለጥኑ ኬንያ የተቸገረውን ለይታለች። የውጤቱ ልዩነት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ባይባልም ልብ ማለት ይገባል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ከማን ጋር ተነጻጸረ? እነማን ላይ ተሞከረ? ከስንት ወር በኋላ ተለካ? የባሰበት ልጅስ ተመዝግቧል? መልስ የሌለው አሠልጣኝ መልሱን ይዞ እስኪመጣ ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁን መሞከሪያ አታድርጉለት።

አክባሪያችሁ