የባላገር ዘፈንና ጉባኤው

አምባሰል በወሎ የሚገኝ ተራራማ አገር ነው። ስሙም ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ሆኗል። ቅኝቱ ዛሬ በከተማ መድረክ ሁሉ ይሰማል። የባላገሩ ዘፈን መማሪያ ግን መድረክ አይደለም፤ የሠርግ ዳስ፣ የደቦ አጨዳና ውድማ ነው። በዚያ አንዱ ያወርዳል፣ የቀረው ይቀበላል፤ ልጅም ካባቱ አጠገብ ቆሞ ግጥሙንና ዜማውን ባንድነት ይማራል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው ጉባኤ ቤትና ምልክት ስላለው ነው። ምልክቱንም በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። የባላገር ዘፈን ግን ምልክት የለውም፤ ጉባኤውም የሰዎቹ መሰብሰብ ብቻ ነው። ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ፣ አውራጁ ሽማግሌ ተቀባይ ያጣል። እንዲህም ሲሆን ዘፈኑ ማንም ሳይከለክለው ይጠፋል።

ድምፁን በመሣሪያ መቅዳት መልካም ነው። ነገር ግን ለየትኛው ሥራ እንደ ተባለ፣ ማን አውርዶ ማን እንደ ተቀበለ ካልተጻፈ፣ ሥሩ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ይሆናል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ሽማግሌውንና ተማሪውን ሊያገናኙ ይገባል። ካህናትም ከዘፈን መራቃቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም መጻፍ መዝፈን አይደለምና፣ የምእመናናቸውን ግጥም ከነቦታው ስም ቢጽፉ ክብራቸው አይጐድልም።

ድጓውን በምልክት ያቆየ አገር የገበሬውን ዘፈን ያለ ጠባቂ ሊተው አይገባውም።