ሻጋታውን የሚመረምረውም የሚያጸዳውም አንድ ሰው ሲሆን

አንዲት እናት አስማቸው ተባብሶ ራቤል ወደምሠራበት ጤና ተቋም መጡ። ክረምቱን ያሳለፉት አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ፣ ግራውንድ ላይ ባለ የኮንዶሚኒየም ቤት ነበር። የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ስለሻገተ ልጃቸው ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው ትንሽ መሣሪያ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ «ቤቱ ተመርዟል» አለ፤ እዚያው ቆሞ የማጽጃውን ዋጋ ነገራቸው። ግድግዳው ተረጨ፣ ቀለም ተቀባ። በሁለተኛው ወር ሻጋታው ተመለሰ፤ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚያፈሰውን ቧንቧ ማንም አልነካውም ነበርና። ለሚነፋው የአስም መድኃኒት የታሰበው ገንዘብ ግን አልቋል።

ባለሙያው የግድ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ችግር ካላገኘ ሥራ አያገኝም፤ ችግሩን ባገዘፈው ቁጥር ደግሞ ክፍያው ይጨምራል። የጥቅም ግጭት የሚባለው ይህ ነው፦ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ። ያ መሣሪያም ብዙውን ጊዜ የሚለካው የግድግዳውን እርጥበት እንጂ መርዝን አይደለም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ቴክሳስ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የውኃ ፍሳሽና ሻጋታ ቤቱን ያበላሸበት ቤተሰብ የኢንሹራንስ ኩባንያውን ከሶ 32 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ገንዘቡ በይግባኝ እጅግ ቢቀነስም ወሬው ግን ተሰራጨ፤ የሻጋታ የካሳ ጥያቄም ጎረፈ፣ ምርመራና ጽዳትም ትልቅ ገበያ ሆነ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ አንድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በአንድ ሥራ ላይ መርማሪም አጽጂም እንዳይሆን ከለከለች። ኒውዮርክም ተመሳሳይ ሕግ ከጥር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በግንባታ ሥራ አማካሪው ሌላ፣ ተቋራጩ ሌላ የሚሆነው፣ የሠራው ሰው የራሱን ሥራ «ጥሩ ነው» ብሎ እንዳያጸድቅ ነው። በቤታችን ግድግዳ ጉዳይ ይህን ድንበር እኛው ማስመር እንችላለን።

ሻጋታ በእርግጥ ምን ያደርጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ሲር ሲር ለሚል ትንፋሽና ለአስም መባባስ ይበልጥ ይጋለጣሉ። የሰውነት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ እና ቀድሞ በቲቢ ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል። ይሁን እንጂ ያው መመሪያ «ከዚህ በላይ አደገኛ፣ ከዚህ በታች ደህና» የሚል የሻጋታ ልክ አላስቀመጠም። ስለዚህ «ልኩን አልፏል» የሚል ወረቀት ይዞ የሚያስፈራራ ሰው የትኛውን ልክ እንደሚል ይጠየቅ። ጥቁር መሆኑም ብቻውን የአደጋውን መጠን አይናገርም።

በዓይን የሚታይ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪ ምርመራ አያስፈልገውም። መታየቱ ራሱ ማስረጃ ነው። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ «ውኃው ከየት መጣ?» የሚለው ነው። እንደ ራቤል ባለ ብርዳማ ደጋ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ግድግዳ ሥር የሚተኛ የዝናብ ውኃ፣ ወይም ብርዱን ፍራቻ ክረምቱን ሙሉ የተዘጋ መስኮት ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

• ምክንያቱን የሚነግርዎትና ጽዳቱን የሚሠራው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የቧንቧ ሠራተኛ ወይም ግንበኛ አይቶ እንዲነግርዎት ለማየቱ ብቻ ይክፈሉት፤ ጥገናውን ሌላ ሰው ይሥራው።

• አንዱ ሌላውን ከመከረልዎ «በመካከላችሁ ኮሚሽን አለ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

• «ነጻ ምርመራ» የሚለውን በጥንቃቄ ይዩት። ዋጋው ጽዳቱ ውስጥ ሊካተት ይችላል።

• ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የእርጥበቱ ምክንያት፣ የሚሠራው ሥራና ዋጋው ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ግድግዳው መድረቁን ካዩ በኋላ ይፈጽሙ።

• ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ ሻጋታ በጠንካራ ነገር ላይ ከሆነ ራስዎ በሳሙናና በውኃ ፈግፍገው ማድረቅ ይችላሉ። ጓንትና ማስክ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። አስም ያለበት ሰው አያጽዳ፤ ሥራው ሲሠራም ክፍሉ ውስጥ አይሁን።

ሳሉስ ከሻጋታ ነው?

አንድ መድኃኒት ብቻ የሚሸጥ ሰው የሚታየው በሽታ አንድ ነው። ሻጋታ አጽጂው ስለ ጭስ አይነግርዎትም። በእኛ አካባቢ ግን በኩበትና በእንጨት የሚነደው ምድጃ ለብዙ እናቶችና ሕፃናት ሳንባ ከግድግዳው የከፋ ጠላት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ግድግዳ መቀባት አይተካውም። «በደምዎ ወይም በሽንትዎ የሻጋታ መርዝ አለ» ብሎ ማጠቢያ የሚሸጥልዎትንም አይመኑ፤ ለዚህ ተብሎ የተረጋገጠ ምርመራ የለም።

ይህ ጥያቄ እኛን ሐኪሞችንም ይመለከታል። መርምሮ ያዘዘልዎት ክሊኒክ መድኃኒቱንም ራሱ የሚሸጥ ከሆነ «ይህ መድኃኒት ለምን ያስፈልገኛል? ባልወስደውስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማዘዣዎን ይዘው ሌላ ፋርማሲ መሄድም ይችላሉ።

እኚያ እናት የሚነፋ መድኃኒታቸውን ጀምረው ትንፋሻቸው ተሻሽሏል። ልጃቸውም ከላይኛው ጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ቧንቧውን አስጠገነ። ወጪው ለርጭቱ ከከፈለው በጣም ያነሰ ነበር።

ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደም ካስሉ፣ ወይም ሕፃን ልጅዎ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ግድግዳውን ትተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።